ከመስመሩ በታች

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የተጸውዖ ስሙን የሚያውቁት ደመወዝ ክፍልና እሱ ራሱ ብቻ ናቸው። የቀረው ሰው በሙሉ «መቶኛ» ነው የሚለው፤ ወጣቶቹ ደግሞ ዕድሜውን አክብረው «ጋሽ መቶኛ» ይሉታል። አልበዛበትም። ሻይ ቀርቦለት «ስኳሩ በቃህ?» ሲሉት «አሥር በመቶ ይጎድለዋል» የሚል፣ ሚስቱ አራተኛ ልጃቸውን በተገላገለች ማግስት ቢሮ ገብቶ «ቤተሰባችን በሃያ በመቶ አደገ» ብሎ ያበሰረ ሰው ሌላ ምን ስም ሊወጣለት ኖሯል?

የሚሠራው በማዕከላዊ ባንኩ አራተኛ ፎቅ፣ ከፎቶ ኮፒ ክፍሉ ቀጥሎ፣ መስኮቷ የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ብቻ በሚታይባት ክፍል ውስጥ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ሥራ ሠርቷል፤ አንድ ቁጥር ያወጣል። በሰዉ ኪስ፣ በየሱቁ መሳቢያና በየባንኩ ያለው ገንዘብ ሁሉ ይደመርና ከመስመሩ በላይ ይጻፋል። አገሪቱ በዓመት ውስጥ ያረሰችው፣ ያመረተችው፣ የጠገነችው፣ ያስተማረችውና ፀጉሯን የተቆረጠችው ሁሉ በዋጋ ተተምኖ ከመስመሩ በታች ይገባል። ላዩ ለታቹ ይካፈላል። የሚወጣው ጥምርታ፣ አገሪቱ ከምትሠራው ሥራ አንጻር ምን ያህል ገንዘብ በእጇ እንዳለ ይናገራል። አንዳንዱ ዓመት ሠላሳ ዘጠኝ በመቶ፣ አንዳንዱ አርባ ሁለት። ሰው ዕድሜውን በዚህ ይጨርሳል ወይ ብትሉ፣ እሱ ጨርሶታል፤ ያውም ደስ እያለው።

ላዩን ማግኘት ቀላል ነው። ባንኮቹ ወር ሲያልቅ ድምራቸውን ይልካሉ። መከራው ታቹ ነው። የዓመቱን ሥራ የሚተምነው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው፤ እሱም ቁጥሩን አዘግይቶና አስለምኖ ነው የሚሰጠው። እስኪመጣ መቶኛ በግምት ይሞላዋል። ስንት ኪሎዋት መብራት ተሸጠ፣ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ ተጫነ፣ ስንት ቦቴ ነዳጅ ገባ እያለ ያሰላና በእርሳስ ይጽፈዋል። እውነተኛው ሲደርስ በላጲስ ያጠፋና በእስክሪብቶ ያሰፍረዋል። ግምቱ ከእውነተኛው በአንድ በመቶ እንኳ ሳይርቅ የዋለባቸውን ዓመታት፣ ሌላው ሰው የልጆቹን የልደት ቀን እንደሚያስታውስ ያስታውሳቸዋል።

አዲስ ለሚቀጠሩት ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የሚሰጠው ምክር ነበረው። ሰንጠረዡን ይዘረጋና ጣቱን ከመስመሩ ሥር አድርጎ፣ «ጥምርታው ሲወርድ ባያችሁ ጊዜ ገንዘብ አነሰ ብላችሁ አታውሩ። መጀመሪያ ታቹን እዩ። ያበጠው በሥራ ነው ወይስ በዋጋ?» ይላቸዋል። ይህን ምክር የሰጣቸው ሰዎች ቁጥር ከሠላሳ አያንስም። አንዳንዶቹ ዛሬ የእሱ አለቆች ናቸው።

እህቱ በአሥር ዓመት ትበልጠዋለች። እናታቸው ስትሞት እሱ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ አባት የተባለው ቀደም ብሎ የውሃ ሽታ ሆኗል። እሷ በአሥራ ሰባት ዓመቷ የእናቷን የስፌት መኪና ወርሳ ፔዳሉን መርገጥ ጀመረች። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሆስፒታል ካፖርት፣ የሙሽራ ቀሚስ፣ የትራስ ልብስ፣ ያልሰፋችው የለም። እሱ መኪናው ሥር ተጋድሞ በብትን ጨርቋ ላይ እያንቀላፋ አድጎ፣ ከእሷ እግር በወጣ ገንዘብ ዩኒቨርሲቲ ገባ። የተመረቀ ቀን የለበሰውን ኮትም የሰፋችው እሷ ናት፤ እጅጌው ትንሽ አጥሮ ነበርና እስከ ዛሬ ይቆጫታል። ዘግይታ አግብታ፣ ልጅ ሳትወልድ፣ ባሏን በተጋቡ በስድስተኛው ዓመት ቀበረችው። የቀራት መኪናዋ፣ ያቺ ትንሽ ቤቷና ወንድሟ ነበሩ። ለደንበኞቿ ስለ እሱ ስታወራ፣ «ወንድሜ እኮ ያገሩን ገንዘብ የሚያካፍል ነው» ትላለች። ሰዎቹ ገንዘብ የሚያድል ይመስላቸውና ዓይናቸው ይበራል።

ከዚያ መንገድ ሊሰፋ ነው ተባለ። ቤቷ ፈረሰ፤ ካሳ ተሰጣት። ካሳው እንደ እውነቱ ከሆነ ክፉ አልነበረም። ለጊዜው የወንድሟ ቤት ገባች። ቤቱ የኪራይ ነው፣ ሁለት ክፍል፤ እሱ፣ ሚስቱና አራት ልጆቹ የሚኖሩበት። ሳሎኑ በመጋረጃ ተከፈለላትና መኪናዋ ከሶፋው ጀርባ ተተከለች። ደንበኞቿ ሁሉ በፈረሰው ሰፈር ቀሩ። ልብስ ሰፊ ደግሞ በሩ መንገድ ላይ ካልወጣ ማን አይቶት ሥራ ያመጣለታል? በስልሳ ሰባት ዓመቷ የምትፈልገው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ የራሷ የሆነ፣ በሩ ወደ መንገድ የሚከፈት፣ ማንም ተነሺ የማይላት ቤት።

እሱንም አገኘች። ከአውቶቡሱ የመጨረሻ ፌርማታ አጠገብ፣ ሁለት ክፍል፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ባለቤቱ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ልጁ ዘንድ ሊገባ ስለሆነ ይሸጠዋል። የጠየቀው ገንዘብ እሷ ካላት ላይ ለቀለምና ለመጋረጃ የሚሆን ያህል ያስተርፍላታል። ቅዳሜ ዕለት መቶኛን ይዛው ሄደች። ከአንገቷ የማይለየውን ሜትር አውርዳ መስኮቱን ለካች፤ በሩን ለካች፤ ከዚያ ደግሞ ወለሉ ላይ የሚያርፈውን የፀሐይ ብርሃን ለካች።

«ብርሃኑንም ይገዙታል እንዴ እህቴ?» አለ ሾፌሩ እየሳቀ።

«ዓይኔ ደክሟል። መርፌ የማሾልክበትን ጥግ ማወቅ አለብኝ» አለች። ፊቷ ወጣት መስሎ ነበር። መቶኛ ይህን አይቷል፤ አላየሁም ሊል አይችልም።

ሾፌሩ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ለሌላ እንደማይሸጥ ቃል ሰጣቸው።

ጉዱ የመጣው ማክሰኞ ነው። የዓመቱ የሥራ ትመና፣ ታቹ፣ ከተለመደው ቀን ቀድሞ ደረሰ። መቶኛ የእርሳሱን ግምት አጥፍቶ እውነተኛውን ሲያስገባ ጥምርታው ከአርባ አንድ ወደ ሠላሳ አምስት ዱብ አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ አወራረድ አይቶ አያውቅም። ሦስት ጊዜ አካፈለው። ገንዘቡ በአሥራ አምስት በመቶ አድጓል፤ ታቹ ግን በሠላሳ አምስት። ከትመናው ጋር የመጣው ደብዳቤ ደግሞ ምርቱ ሞልቶ እንደፈሰሰ፣ ፋብሪካዎቹ እንደተጉ ይዘረዝራል። ምን ያህሉ ሥራ፣ ምን ያህሉ ዋጋ እንደሆነ የሚለይ ሰንጠረዥ ግን አልተያያዘም። የዚያ ዓመት የዋጋ ጥናት በአዲስ ዘዴ ይሠራ ተብሎ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር።

ዋጋውን የምታጠናው ፊት ለፊቱ የምትቀመጥ፣ አብራው ያረጀች ባልደረባው ናት። ሦስት መቶ የሚሆኑ ዕቃዎችን ዋጋ ከየገበያው እያስለቀመች ትመዝናለች። ወረቀቱን አንገቷን አስግጋ አየችና፣ «አንተ ሰውዬ፣ እኔ ሳልጨርስ ይሄን ቁጥር ለማንም እንዳታሳይ» አለችው።

«ደብዳቤውን አላነበብሽም? ሥራው ነው እኮ ያደገው።»

«እኔ ደብዳቤ አላነብም፤ የጎመን ዋጋ ነው የማነበው። ሦስት ወር፣ አራት ወር ታገሰኝ።»

አልታገሳትም። እንዲያውም እሱ ሳያሳይ በፊት ዳይሬክተሩ ሰምቶ ከላይ ወርዶ መጣ። ዳይሬክተሩ መቶኛ ያስተማረው ልጅ ነው፤ አሁን ክራቫት አሥሮ ሦስት ስልክ ይይዛል። ወረቀቱን አይቶ የመቶኛን ትከሻ ጨበጥ አደረገና፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ታሪክ ነው! ገንዘቡን ቆነጠጥነው ማለት ነው። ዋጋ ከእንግዲህ የት አባቱ ይሄዳል?» አለ። በማግስቱ ቁጥሩ በሬዲዮ ተነገረ። መቶኛ ታክሲ ውስጥ ሆኖ ሰማው። የራሱ እጅ ያወጣው ቁጥር በአገር ሁሉ ሲነገር ደረቱ ነፋ ቢል ማን ይፈርድበታል? እኔ እፈርድበታለሁ። ሠላሳ ሰው ታቹን እዩ ብሎ ያስተማረ ሰው፣ የራሱ ተራ ሲደርስ ታቹን አላየም። ቁጥሩ ወደደው፤ እሱም ቁጥሩን ወደደው።

የዚያን ዕለት ምሽት እህቱን አስቀምጦ አስረዳት። ገንዘብ ካገሩ ሥራ አንጻር ማነሱን፣ ያነሰ ነገር እንደሚወደድ፣ ገንዘብ ሲወደድ ደግሞ ቤቱም ብሎኬቱም እንደሚረክስ። «ያ ቤት በዓመቱ ከዛሬው በሃያ በመቶ ይቀንሳል። ገንዘቡን ለአንድ ዓመት በዝግ ሒሳብ እናስቀምጠው፤ ዘጠኝ በመቶ ወለድ ይወልድልሻል። ቤቱንም ትገዣለሽ፣ ውሃና መብራቱንም ታስገቢያለሽ፣ ከዚያም ተርፎሽ ትጦሪያለሽ።»

ሚስቱ ሰሃን እያደራረቀች ትሰማ ነበር። «እንግዲህ እኔ ያልተማርኩ ነኝ» አለች። «ግን ሳሙና ከአምና በእጥፍ ሆኗል።»

«ሳሙና አንድ ዕቃ ነው» አላት።

«ዘይትስ?»

«ዘይትም አንድ ዕቃ ነው።»

«እንግዲያው የሚረክሰውን አንዱን ዕቃ ንገረኝና እሱን ልግዛ» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ልጆቹ ሳቁ። እህቱ ግን አልሳቀችም። ሜትሯን በጣቷ ላይ እየጠመጠመች ወንድሟን አየችው።

«ያንን ቤት ወድጄዋለሁ።»

«ቤት ሞልቷል እትዬ። ባይሆን የተሻለ ይገኛል።»

«አንተ እርግጠኛ ነህ?»

«መቶ በመቶ» አለ። በሕይወቱ መቶ በመቶ ብሎ አያውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ይቀንስለታል። ለዚህች ሴት በዕድሜዬ አንድ ጊዜ እንኳ የሚረባ ነገር ልስጣት ብሎ ነው መሰለኝ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ተቀባይ ነበረ፤ ያን ምሽት ሰጪ ሆነ።

«አንተ ካልክ» አለች።

ሾፌሩ ቅዳሜ ደውለው ሲነግሩት፣ «እኔማ ሌላ ገዢ አላጣም፤ እሳቸው ግን ብርሃኑን እንኳ ለክተውት ነበር» ብሎ አዘነላቸው። ገንዘቡ ሰኞ ዕለት በዝግ ገባ። በዚያ ወር ባንኮቹ በላኩት ሰንጠረዥ አራተኛ መስመር ላይ፣ «በጊዜ የተገደበ ተቀማጭ» በሚለው ሥር፣ የእህቱ ካሳ ከሌሎች ብዙ ሺህ ሰዎች ገንዘብ ጋር ተደምሮ መጣለት። እሱም ከመስመሩ በላይ አሰፈረው።

ባልደረባው የዋጋውን ጥናት የጨረሰችው በአራተኛው ወር ነው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ስታኖርለት አልተኩራራችበትም፤ ይልቅ ወንበሯን ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ታቹ በሠላሳ አምስት በመቶ ያደገው፣ ሥራው በሁለት በመቶ ብቻ ጨምሮ ነው። የቀረው ዋጋ ነው። መቶኛ እርሳሱን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። ሰንጠረዡን ወደ ኋላ ሄዶ ሲያየው ሁሉም ነገር እዚያው ተጽፎ ኖሯል። ሰው ከቁጠባ ደብተሩ እያወጣ ነው። ገንዘቡ እንደ ፍም እጁን እያቃጠለው፣ ዛሬ ያገኘውን ዛሬውኑ ወደ ዕቃ እየለወጠ ነው። ገንዘብ አንሶ አልነበረም ጥምርታው የወረደው። ገንዘብን የሚፈልገው ሰው ነው ያነሰው።

«ለማንም ምክር አልሰጠህበትም አይደል?» አለችው ባልደረባው።

«ኧረ ለማን?» አላት።

በዚያው ሳምንት ለብቻው ተደብቆ ሾፌሩ ዘንድ ሄደ። ቤቱ ገና አልተሸጠም። ሾፌሩ ዋጋውን በሩብ ጨምሮታል። አሁን ልብ አድርጉ፤ ነገሩ ያኔ ገና አልሞተም ነበር። የእህቱን ገንዘብ ከዝግ ማውጣት ይቻላል፤ የሚቀረው ወለዱ ብቻ ነው። ጎደሎውን ከመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች የብድር ማኅበር ወስዶ መሙላት ይችላል፤ ሦስት ዓመት ከደመወዙ ይቆረጥበታል፣ ሚስቱ አንድ ወር ታኮርፈዋለች፣ ያልቃል። ይህን ሁሉ አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ እስከ ነጥቡ ድረስ አስልቶታል። የከበደው ሌላ ነው። ቤት ገብቶ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ፣ «እትዬ፣ ተሳስቻለሁ» ማለት አለበት። ያስተማረችው ለዚህ እንዳልነበረ በገዛ አፉ ሊነግራት ነው። ደጃፉ ላይ ደርሶ እጀታውን ሲይዝ ከውስጥ መኪናዋ ይሰማል፤ የልጆቹን ሱሪ እየጠቀመች ነው። ገባ። «ደህና ዋላችሁ?» አለ። ራት በላ። ተኛ።

ከዚያ በኋላ ተስፋ አደረገ። ተስፋ ሲባል ሁሌ ጥሩ ነገር ይመስላል፤ የመቶኛ ተስፋ ግን ፍርሃት ነበር። በየወሩ ባልደረባውን «ዋጋው በረድ አላለም?» ይላታል፤ እሷም ራሷን ግራና ቀኝ ትነቀንቃለች። እህቱ አንድም ቀን ስለ ገንዘቡ አልጠየቀችውም። ለአዋቂ ሰጥታ የተቀመጠች ናትና ምን ብላ ትጠይቅ? ሚስቱና እሷ መጀመሪያ ተከባብረው፣ ከዚያ ተቻችለው፣ በመጨረሻ በአንድ ጓዳ እየተላለፉ የማይነጋገሩ ሆኑ። የመኪናው ድምፅ ልጆቹን ጥናት ከለከለ ተብሎ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ መስፋት ቀረ። ቀኑን ደግሞ የሚሰፋ አልነበረም። ሶፋው ጠርዝ ላይ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ሲያያት፣ የሆነ ቢሮ ተራ የምትጠብቅ ሰው ትመስለው ነበር።

ዓመቱ ሞላ። እህቱ ጠዋት ተነሥታ የክት ቀሚሷን ለብሳ ጠበቀችው። ባንክ ሄዱ፤ ገንዘቡ ከነወለዱ ወጣ። ከባንኩ ቀጥታ ወደ ሾፌሩ እንሂድ አለች። «መጀመሪያ እንደውልለት» አላት። «አንድ አውቶቡስ ነው፤ ምን ያስደውላል? ቀንሶልን ከሆነ ፊት ለፊት ብንከራከር ይሻላል» አለች። ሊነግራት ሦስት ጊዜ አፉን ከፈተ። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ስለነበር ተለያይተው ቆመው ሄዱ።

ሾፌሩ የለም። ቤቱን በስምንተኛው ወር ሽጦታል። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና እህቱ ገፋ አደረገችው። ሁለቱም ክፍሎች ከወለል እስከ ጣሪያ በሲሚንቶ ከረጢት ተሞልተዋል። በመስኮቱ በኩል የአርማታ ብረት ተጋድሞ ብርሃኑን ዘግቶታል። የሚኖርበት ሰው የለም። ዘበኛው ከጎረቤት እየሮጠ መጥቶ ምን ፈልጋችሁ ነው አላቸው።

«ባለቤቱ የግንባታ ሥራ አላቸው እንዴ?» አለች እህቱ።

«ኧረ የጥርስ ሐኪም ናቸው። ምንም አይሠሩበትም። ገንዘብ ይዞ መቀመጥ ፈርተው ነው፤ ዛሬ እንደሳቸው ያላደረገ ማን አለ?» አለ ዘበኛው። ስንት እንደገዙትም ነገራት። ዛሬ ቢሸጥ ስንት እንደሚያወጣም ነገራት። እሷ ከያዘችው ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

እህቱ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ሆዷ ላይ ይዛዋለች። «ያን ጊዜ የነገርከኝን እንደገና ንገረኝ» አለችው። «ቀስ ብለህ። እኔ እንደሚገባኝ አድርገህ።»

ነገራት። አሁን ቀስ ብሎ ነገራት። ላዩን፣ ታቹን፣ ጥምርታው ለምን እንደወረደ፣ ሰው ገንዘብን ስለፈራ ከእጁ እያሽቀነጠረ ወደ ሲሚንቶ፣ ወደ ብረት፣ ወደ ቆርቆሮ እንደሮጠ። አራተኛው ወር ላይ እንዳወቀም ነገራት።

«እኔ የገባኝን ልንገርህ» አለች። «ሰው ሁሉ ሲጥለው፣ እኔን ያዢው አልከኝ።»

«አዎ።»

«ስምንት ወር ሙሉ አውቀህ።»

«አዎ፣ እትዬ።»

ብትሰድበው፣ ብትጮህ፣ ያሳደግኩህ ለዚህ ነው ብትለው ይሻለው ነበር። እሷ ግን ተነሥታ የቀሚሷን አቧራ አራገፈችና፣ «አውቶቡስ ሳይሞላ እንሂድ» አለች። በመመለሻው ቦታ አግኝተው ጎን ለጎን ተቀመጡ። እሱ መንገዱን ሙሉ ሲያለቅስ እሷ ወደ ውጭ ታይ ነበር። ሊያጽናናው የሚችለው ሰው እሷ ብቻ ነበረች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ማጽናናት ያለባት እሷ አልነበረችም። ይህን ሁለቱም ያውቁታል።

ጥምርታው በዚያ ዓመት ሃያ ስድስት ገባ። ለዓመታዊው ሪፖርት የሁለት መስመር ማብራሪያ እንዲጽፍ ሲታዘዝ መቶኛ፣ «ጥምርታው የወረደው ሕዝቡ ገንዘብ መያዝ ስለፈራ ነው» ብሎ ጻፈ። በሠላሳ ሁለት ዓመት ከጻፈው ሁሉ እውነተኛው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ዳይሬክተሩ ጠራው።

«ጋሼ፣ ‹ፈራ› የሚል ቃል ሪፖርት ውስጥ ሲገባ ያዩት የት ነው?»

«ፈርቷል እኮ ልጄ። አንተስ አልፈራህም?»

ዳይሬክተሩ በሩ መዘጋቱን አየ። «እኔማ ባለፈው ወር ሁለት መቶ ቆርቆሮ ገዝቻለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከዚያ አረፍተ ነገሩን ሰርዞ «የገንዘብ አስተዳደሩ ጥብቅ በመሆኑ» የሚል ጻፈበትና ወረቀቱን ገፋለት። መቶኛ ፈረመ። ለምን ፈረምክ ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም፤ እሱም ራሱን አልጠየቀም።

እህቱ ከመጋረጃው ጀርባ አልቀመጥም አለች። በራሷ እግር ዞራ ዞራ አንዲት ክፍል አገኘች፤ የኪራይ፣ ግን በሯ መንገድ ላይ የሚወጣ። ቀድሞ ጋራዥ ነበረች፤ ወለሏ በጥቁር ዘይት ተለቅልቆ ሽታው አልለቀቀም። አከራይዋ ወፍራም፣ ፈጣን ሴት ናት። ኪራዩን ነገረቻቸው፤ በየዓመቱ በገበያው ልክ እንደሚታደስም ነገረቻቸው። እህቱ ወደ መቶኛ ዞረች።

«ያለኝ ገንዘብ ለስንት ጊዜ ይበቃኛል?»

«ከስፌቱም የምታገኚው ይኖራል...»

«ከስፌቱ የማገኘውን እበላዋለሁ። ኪራዩን ነው ያልኩህ። አስላልኝ።»

ወረቀት አላስፈለገውም። «ኪራዩ ባይጨምር አርባ ሦስት ወር» አለ።

«ይጨምራል እንጂ!» አለች አከራይዋ ሳትጠየቅ።

«በዚህ ዓመት ሁሉ ነገር እንደጨመረው ከጨመረ ደግሞ... ሃያ ሁለት ወር።»

«ይሄኛው እርግጥ ነው?»

«ይሄኛው እርግጥ ነው፣ እትዬ።»

እህቱ ዘይት ያጨቀየውን ወለል፣ ከዚያ ወንድሟን አየች። ፈገግ አለች፤ በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«በል እንግዲህ እኔም በሃያ ሦስተኛው ወር ለመሞት እሞክራለሁ» አለችው። «ሒሳብህ እንዳይበላሽብህ።»

አከራይዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች። መቶኛ ግድግዳውን ተደገፈ። እህቱ ቦርሳዋን ከፍታ የመጀመሪያውን ስድስት ወር አወጣች፤ ሰጥታም ቁልፉን ተቀበለች።